በርኖስ የለበሰው ፍሪጅ

የጋሽ አበጋዝን ሞት የሰማሁት አንድ ራዲዮ ፈታትቼ መልሼ መግጠም አቅቶኝ ስቁለጨለጭ ነው። ከመርሳ የመጣው አውቶቡስ ረዳት በሱቄ በር አንገቱን አስግጎ፣ «ኢንጅነር፣ መርዶ ነው የያዝኩልህ፤ ጋሽ አበጋዝ አርፈዋል። ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። ብድግ ስል ጠረጴዛውን መታሁትና ራዲዮው ከነብሎኖቹ መሬት ላይ ተበተነ። ለራዲዮው አላዘንኩም። ወልድያ ውስጥ ራዲዮ ጠጋኝ ነኝ ብዬ ሱቅ ከፍቼ ልቀመጥ እንጂ፣ እኔ ነክቼው የተሻለው ራዲዮ ትዝ አይለኝም። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ግን የሚተርፍ ብሎን አላጣም ነበር፤ በጣሳ አጠራቅሜዋለሁ።

«ኢንጅነር» የሚለውን ስም ያወጡልኝ ራሳቸው ጋሽ አበጋዝ ናቸው። ስም ሲያወጡም፣ ሲጋብዙም፣ ሲያወሩም ለጋስ ነበሩ። መጀመሪያ ሲጠሩኝ የምር ነበር። ኋላ ግን ከተማው በሙሉ እየሳቀ የሚጠራኝ በዚሁ ስም ሆነ። በምን ምክንያት እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ዛሬ እኔ ብቻ ስለቀረሁ፣ እድሜዬም ስለገፋ፣ ልናገረው።

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነው። ጋሽ አበጋዝ ወልድያ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ቡና ቤት ነበራቸው። ቁመታቸው ከበሩ ጉበን ጋር የሚጋጭ፣ ድምፃቸው ከማዶ የሚሰማ ሰው ነበሩ። የሆነ ነገር ደስ ሲያሰኛቸው ከራሳቸው ላይ ባርኔጣቸውን ያነሱና ደስ ያሰኛቸው ሰው ራስ ላይ ይደፉታል። ራሳቸው ትልቅ ስለነበር ባርኔጣው የማንንም ጆሮ ይሸፍናል። ወልድያ ውስጥ ያን ባርኔጣ ለአንድ አፍታ ያልደፋ ወንድ የነበረ አይመስለኝም። «ይቻላል ወንድሜ!» ይላሉ ሲደፉልህ። የማይቻል ነገር ስትነግራቸውም የሚመልሱት ይህንኑ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ስንዱ ደግሞ ቁጥብ ነበሩ። ጋሽ አበጋዝ በአንድ ቀን የሚያወሩትን እትዬ ስንዱ በዓመት አይጨርሱትም። የሰፈሩን ልጃገረዶች ለበዓል ሹሩባ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ የጣታቸው ቅልጥፍና ይወራ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጥምቀት ሲደርስ ለሹሩባ የመጡትን ልጆች፣ «ዘንድሮ አልችልም፤ ወደሌላ ሂዱ» ብለው መለሷቸው። ጣታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ከማለዳ እስከ ማታ ብርጭቆ የሚያጥቡበት ውኃ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የወልድያ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። የክሊኒኩ ድሬሰር እጃቸውን አገላብጦ አይቶ፣ «ቀዝቃዛ ውኃ የሚባል ነገር እንዳይነኩ። አለበለዚያ ጣቶችዎ እንደታጠፉ ይቀራሉ» አላቸው።

ጋሽ አበጋዝ ይህን ሲሰሙ ለሁለት ቀን ዝም አሉ፤ ሰፈሩ ታመዋል ብሎ ሊጠይቃቸው መጣ። እንጨት አንድዶ ውኃ ማሞቅ እንዳይሉ፣ እንጨቱን መፍለጡም መሸከሙም የሚመለሰው ወደ እነዚያው እጆች ነው። አንድ ጊዜ ራሳቸው ሊፈልጡ ሞክረው የገዛ ጫማቸውን ፈልጠዋል። ሠራተኛ ቢቀጥሩም እትዬ ስንዱ የታጠበውን ብርጭቆ መልሰው ያጥቡታል።

አንድ ቀን ከፍሪጁ ኋላ የወደቀ ጠርሙስ ሊያነሱ ጎንበስ አሉና እዚያው ቀሩ። ፍሪጁ በላምባ የሚሠራ ነው፤ ከሥሩ ኩራዝ የሚመስል ነገር ቀን ከሌት ይነድበታል። ያን ጊዜ ለወልድያ እንደ ትልቅ ነገር የሚታይ ዕቃ ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

«ኢንጅነር፣ ና እስቲ! ይሄ ዕቃ ጀርባው ለምንድን ነው የሚሞቀው?»

ፍሪጁን ሊተክል ከደሴ የመጣው ሰውዬ ሲያወራ ሰምቼ ስለነበር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ፍሪጅ ብርድ አይሠራም ጋሼ። ከቢራው ውስጥ ሙቀቱን እየቀዳ በጀርባው ያፈሰዋል። የኩራዙም ሙቀት አብሮ ይወጣል» አልኳቸው። በሕይወቴ ስለ ማሽን በትክክል ከማውቃቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛውን ረስቼዋለሁ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሙቀት ለግድግዳው ከሚፈስ፣ ለስንዱ ብንቀዳላትስ?»

«ይቻላል» አልኩ፤ የራሳቸውን ቃል። ባርኔጣው ዓይኔ ድረስ ወረደ።

የላምባ ቆርቆሮ አጥበን፣ ቆርቆሮ ሠሪው ጋ ወስደን አስጠፍጥፈን አስበየድነውና ከፍሪጁ ጀርባ ፍርግርግ ጋር አጣብቀን አሠርነው። ለውኃ መቅጃው ቧንቧ ቀዳዳውን ያስበጀሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ለክቼ ወደ ግድግዳው በኩል አስበጀሁት፤ ቆርቆሮው እንደገና ተነቅሎ ወደ ሠሪው ሄደ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ጋሽ አበጋዝ ከአባታቸው የወረሱትን በርኖስ አምጥተው ቆርቆሮውን ከነፍሪጁ አለበሱት። ጠጪዎቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍሪጁን «ቀኛዝማች» ይሉት ጀመር። እየገቡ ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሱትም ነበሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ቧንቧው ተከፍቶ ውኃው ሳፋ ውስጥ ወረደ። እትዬ ስንዱ እጃቸውን ነከሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ አበጋዝ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። እኔም ቆሜያለሁ፤ ቧንቧው ይነቀላል ብዬ በጣቴ ደግፌ። እትዬ ስንዱ፣ «እሰይ» አሉ። በቃ፤ ሌላ አልተናገሩም። ጋሽ አበጋዝ ወደ ጓሮ ወጥተው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም እስከዛሬ የተከበርኩ ኢንጅነር ነበርኩ። ጋሽ አበጋዝ ግን ደስታን ብቻቸውን መያዝ የሚችሉ ሰው አልነበሩም። ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ ያሰቧቸው ጎረቤታቸውን ሼህ ሙሄን ነው። ሼህ ሙሄ ያረጁ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ ለማለዳው የሱብሒ ሶላት ታጥበው ውዱእ የሚያደርጉት በዚያ በሚያንዘፈዝፍ ውኃ ነው። መጠጥ ቤት ግቡ ማለት ነውር ስለሆነ ጋሽ አበጋዝ ግድግዳውን በስተው ቧንቧውን ወደ ውጭ አወጡላቸው። ሼህ ሙሄ ጺማቸውን እያሹ ቧንቧውን አዩት።

«አበጋዝ፣ ይሄ ሙቀት ከቢራው የወጣ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ሼህ ሙሄ። ኢንጅነሩ እንደዚያ ነው የሚልዎት።»

«እንግዲያው ከቢራው ሸሽቶ የወጣ ነዋ። ከመጠጥ ሸሽቶ ደጄ የመጣን እንግዳስ አልመልስም» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ታጥበው ሲጨርሱ፣ «አልሐምዱሊላህ፤ አሏህ እጇን ይማርልህ» ብለው መረቁ።

ከሼህ ሙሄ በኋላ አራስ ያለችበት ቤት መጣ። ከአራሷ ቤት በኋላ ወገባቸውን የሚያማቸው የቄሱ ባለቤት መጡ። ከዚያ ምንም የማያማቸውም መጡ። ቆርቆሮው ትንሽ ነው። ለእትዬ ስንዱ ሲደርስ ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳሉ።

«ጋሼ፣ ለእትዬ እጅ ነው የተሠራው፣ አይበቃም ይበሏቸው እንጂ» አልኳቸው።

«ምን አልክ? ለሚስቴ ሙቅ ውኃ አስቀምጬ ሼህ ሙሄን በበረዶ ላስታጥብ? ሰው ምን ይለኛል? እሷስ ብትሆን ትወደዋለች?»

«እንግዲያው በርሜል እናድርገው!» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት። «ቆርቆሮ ያሞቀ በርሜል የማያሞቅበት ምን ምክንያት አለው? ሙቀት ሙቀት ነው።»

ባርኔጣው እንደገና ዓይኔ ላይ ወረደ። ዛሬ ሳስበው፣ ያችው ትንሽ ሙቀት በበርሜል ሙሉ ውኃ ላይ ስትበተን ምን እንደምትሆን፣ አንድ ማንኪያ ስኳር በእንስራ ውስጥ ጨምሮ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ለዚያ ሥራ ብዬ ካኪ ቱታ አሰፍቼ ነበር፤ ደረቱ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ ሰክቻለሁ። ቱታ የለበሰ ሰው በቀላሉ ሐሳቡን አይለውጥም።

በርሜሉ ተተከለ። በመጀመሪያው ጠዋት ውኃው ለብ እንኳ አላለም። ሴቶቹ ማሰሮና ጆግ ይዘው ተሰልፈው ሳለ ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ ከተቱ፣ አወጡ፣ መልሰው ከተቱ። ፊታቸው ወረደ። «ይላመደዋል። ማሽን ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ እኔ። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎት ቦለል አለ!

ምን አለፋችሁ፣ የነበረውን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ጋሽ አበጋዝ አስፋልቱ ድረስ እየዘለሉ ወጡ። እኔ ደግሞ እዚያው በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ማሽን እንዴት እንደሚላመድ ለሕዝብ አስረዳሁ። ከሐራ ገበያ የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ጋሽ አበጋዝ ለጥገና እንሰየም ጀመር። የኩራዙን ክር እንከረክማለን፣ ጥላሸቱን በዶሮ ላባ እንጠርጋለን፣ ፍሪጁ እንዳያዘነብል በላዩ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጠን እንለካለን። ጠጪዎቹ እንደ ቀዶ ጥገና በጸጥታ ያዩናል።

ሁለት ነገሮች ብቻ አልገቡንም። አንደኛ፣ ቢራው መሞቅ ጀመረ። አንድ ሾፌር፣ «ጋሽ አበጋዝ፣ እስቲ ብርጭቆውን ከኋላው በርሜል ይቅዱልኝ፤ ምናልባት እሱ ይሻል እንደሆነ» ብሎ አላገጠ። ሁለተኛው የሚያስቅ አልነበረም። የእትዬ ስንዱ እጅ ባሰበት። ጣታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሄደ፤ ነጠላቸውን እንኳ ማጣፋት አስቸገራቸው።

«በሙቅ ውኃ እየታጠበች እንዴት ይብስባታል?» ጋሽ አበጋዝ ተጨነቁ።

«ሙቀቱ አንሶ ይሆናላ!» አልኩ፤ እትዬ ስንዱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው እየሰሙኝ። ክሩን ከፍ አደረግሁት። በማግሥቱ ውኃው የሚያቃጥል ሆነ። በራሴ ሥራ ኮራሁ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ስላለ ብለን ለጥገናው ከወትሮው ቀደም ብለን በጓሮ በር ገባን። ላባዬን ይዤ ተንበርክኬ ከፍሪጁ ሥር የኩራዙን መዝጊያ ብከፍተው ኩራዙ ጠፍቷል። ላምባው አልቆ ኖሮ ክሩ ደርቋል፣ ጭስ መውጫውም ቀዝቅዟል። ጋሽ አበጋዝ እጃቸውን በርሜሉ ላይ አሳረፉና ወዲያው መልሰው ሳቡት። ያቃጥላል።

«እንዲህ ነው ጋሼ፣ ማሽን ሲላመድ የተጠራቀመው ሙቀት...» ስል አፌን በመዳፋቸው ያዙት። በዚያው ቅጽበት የማድቤቱ በር ተከፈተ። ጋሽ አበጋዝ ክንዴን ይዘው ከቢራ ካሳው ክምር ኋላ ጎተቱኝ።

እትዬ ስንዱ ከማድቤቱ የፈላ ውኃ በብረት ድስት ይዘው መጡ። በጣታቸው አልነበረም የያዙት፤ ጣታቸው መያዝ ትቷል። ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው በሁለት ክንዳቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ቀስ እያሉ ድንጋይ ላይ ወጡ፣ በክርናቸው የበርሜሉን ክዳን ገፉ፣ ውኃውን ገለበጡ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው፣ የፈሰሰውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው ወደ ማድቤቱ ተመለሱ። ከበሩ ባሻገር ምድጃው ይነድዳል፤ አጠገቡ የተፈለጠ እንጨት ተከምሯል።

ያ ድምፀ ነጎድጓድ ሰው ካሳ ላይ ቁጭ ብለው በሹክሹክታ ማውራት ሲጀምሩ ፈራሁ። «ለእኔ ብላ ነው» አሉ። «ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ።»

«አሁኑኑ እንንገራቸው ጋሼ። ይተዉት።»

«አይሆንም። ማወቄን ካወቀች ያ ሁሉ ድካሟ ከንቱ ይሆንባታል። ያን ሁሉ ስቃይ የቻለችው እኔ እንዳላውቅ አይደለም እንዴ? ይሄንን አልቀማትም።»

«ታዲያ ለጎረቤቱ ውኃው ቀረ ይበሏ።»

«ለምን ቀረ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ጋሽ አበጋዝ ቀና ብለው ለብዙ ጊዜ አዩኝ። ከላይ እስከታች፤ ቱታዬን፣ እስክሪብቶዬን፣ የዶሮ ላባዬን።

«ኢንጅነር፣ ትወደኛለህ?»

«እንዴት አልወድዎትም ጋሼ?»

«እንግዲያው ማሽኑን አበላሽተኸዋል» አሉኝና ተነሡ። ከዚያ ከአውቶቡስ መቆሚያው ማዶ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ፤ «ገደለው! ኧረ ያገር ያለህ፣ ይሄ ራዲዮ አፍራሽ ማሽኔን ገደለው!» ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩ፣ በርሜሉን በእግራቸው ገለበጡት። መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ ከተገለበጠው በርሜል አጠገብ ላባ ይዤ ቆሜያለሁ። ምንም ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ መልኬ ራሱ ማሽን ያበላሸ ሰው መልክ ነው።

እትዬ ስንዱ ከማድቤት ደንግጠው ወጡ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የነበረውን ሐዘን አልረሳውም። «ኧረ በሞቴ አበጋዝ፣ ተዉት! እሱ ምን አደረገ?» አሉ። ምንም እንዳላደረግሁ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከዚህ የበለጠ መናገር ግን አልቻሉም።

ጋሽ አበጋዝ በሳምንቱ፣ «ማሽኑ በወልድያ ብርድ አይድንም፣ ሞቃት አገር ይፈልጋል» ብለው አወጁ። ቤቱን ለወንድማቸው ትተው፣ ፍሪጁንና እትዬ ስንዱን ጭነው የእትዬ ስንዱ እህት ወዳለችበት መርሳ ወረዱ። ወልድያን ለቅቄ ብሄድ እሞታለሁ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲሄዱ ከመኪናው ላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አንሥተው አወዛወዙልኝ። ሕዝቡ የሚዝቱብኝ መስሎት ሳቀ።

እኔ ቀረሁ። ልጆች በመንገድ ሳልፍ፣ «ኢንጅነር፣ ውኃው ፈላ?» ይሉኝ ጀመር። ራዲዮ የሚያመጣልኝ ሰው አነሰ፤ ለራዲዮኖቹ ጥሩ ጊዜ ነበር። ሼህ ሙሄ አንድ ማለዳ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ጉልበቴ ግን ወላሂ ይቅር የሚልህ አይመስለኝም» አሉኝ። ወሬ በመቋጠር የምታወቅ ሰው አይደለሁም። ያንን አንድ ነገር ግን ይዤ ዋልኩ፣ አደርኩ፣ ዓመታት አለፉ። ከጋሽ አበጋዝ አንድ መልእክት ብቻ መጣልኝ፤ በዚያው በአውቶቡሱ ረዳት በኩል፦ «ለኢንጅነር ንገረው፤ ለጥምቀት ሹሩባ ሠራች።»

ለሠልስቱ መርሳ ወረድሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ግማሹ ከወልድያ የመጣ ሰው ነው። ሼህ ሙሄም በምርኩዛቸው መጥተዋል። እትዬ ስንዱ ሲያዩኝ ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣቶቻቸው ተዘርግተው ያዙኝ፤ ጥብቅ አድርገው። አለቀስኩ። ከዚያ፣ «ና፣ እጅህን ታጠብና እህል ቅመስ» ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

ፍሪጁ እዚያ ቆሟል፤ በርኖሱን እንደለበሰ። በርኖሱ ሥር በርሜል አልነበረም፤ ያችው ትንሿ ቆርቆሮ ናት። በመርሳ ሙቀት ማን ሙቅ ውኃ ይለምናል? ያን ሁሉ ዓመት የእትዬ ስንዱ ብቻ ሆና ኖራለች። የጋሽ አበጋዝ ባርኔጣ ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል። እትዬ ስንዱ ከቆርቆሮዋ በጣሳ ቀድተው አስታጠቡኝ። ውኃው ሞቃት ነው። ዓመሌ አልለቅ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ፤ ኩራዙ ይነድዳል።

«አንተን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኝ ነበር» አሉ እትዬ ስንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማሽኑን ያበላሸኸው አንተ አይደለህም። በርሜሉን እያፈላሁ የምሞላው እኔ ነበርኩ። ያን ለታ ሴቶቹ ተሰልፈው ሳለ የአበጋዝ ፊት ሲወርድ አይቼ አላስችል አለኝ። ሰው ሲስቅብህ ዝም ያልኩት እንዳያውቁብኝ ነው። ይቅር በለኝ።» ጣሳውን አስቀመጡና አተኩረው አዩኝ። «አላወቁም አይደል? ምናልባት ለአንተ ነግረውህ ነበር እንዴ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠየቅ ስመልስ ኖሬያለሁ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምን ነክቶዎታል እትዬ?» አልኩ። «ኢንጅነሩ እኔ እንኳ ያላወቅሁትን ጋሽ አበጋዝ በየት በኩል ያውቁታል?»

እትዬ ስንዱን በሐዘኑ መሐል ሳቅ አመለጣቸው፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። ባርኔጣውን ከፍሪጁ ላይ አንሥተው ራሴ ላይ ደፉልኝ። እንደ ድሮው ሰፍቶኝ ዓይኔ ላይ ወረደ። ደግ ሆነ፤ ያን ሰዓት ዓይኔን ማንም እንዲያየው አልፈለግሁም ነበር።